አፓቼ ወይስ ቦክሰር? ስለ መጀመሪያ ሞተር ለጠየቀችን የሐዋሳ አንባቢ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ አላሙራ አካባቢ ነው። የቁጠባና ብድር ተቋም ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ተበዳሪዎችን ለማየት ወደ ቱላና ወደ ለኩ እወጣለሁ። አንዳንዴም ከአስፋልቱ ወርጄ ቀበሌዎቹ ውስጥ እገባለሁ። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያ ባጃጅ መለመን፣ ሲመሽ ደግሞ ትራንስፖርት ማጣት መሮኛል። ባለፈው ወር ዕቁብ ወጣልኝና ሞተር ልገዛ ቆርጫለሁ። ሳይክል ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ። ሞተር ግን ነድቼ አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ ‹ከገዛሽ አይቀር አፓቼ ግዢ፤ ቦክሰር የሰው ማመላለሻ ነው› ይለኛል። በሁለት ቅዳሜ ራሱ እንደሚያለማምደኝም ቃል ገብቷል። አንድ ባልደረባዬ ያገለገለ ያማሃ ዲቲ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹በዚህ ዘመን ኤሌክትሪክ ነው እንጂ› ይላሉ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ‹እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም› ብላ አኩርፋለች። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ታናሽ እህቴንም ኮሌጅ ባደርሳት ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ት. ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ ት.፣ እንኳን ዕቁቡ ወጣልሽ።

ስለ አፓቼው፣ ስለ ዲቲውና ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ አስበሻል። ቁመትሽን ግን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። እኔ የምጀምረው ከእሱ ነው።

ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሞተሩን ሲመርጥ ዓይኑ ላይ የሚመጣው ሲነዳ ነው። ነፋሱ፣ ፍጥነቱ፣ ሐይቁ ዳር ሽው ማለቱ። ጀማሪ ግን በብዛት የሚወድቀው ሊቆም ሲል ወይም ቆሞ ሳለ ነው። ሞተር እየሄደ ሳለ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል። ሲቆም ሸክሙ ወደ አንቺ ይዞራል።

እስቲ ፒያሳ ነሽ እንበል። ከፊትሽ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ ይላል። አንቺም ፍሬን ይዘሽ እግርሽን ታወርጃለሽ። እግርሽ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ወይም አሸዋ አለበት። ሞተሩ ወደዚያ ጎን ያዘነብላል። ጥቂት ካዘነበለ በጉልበትሽ ትመልሺዋለሽ። ከዚያ ካለፈ ግን ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት ነው፤ ጎረምሳም አይመልሰውም። ሞተሩ ሲወድቅ አንቺ ምንም ላትሆኚ ትችያለሽ። የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው) መያዣው ይሰበራል፣ ስፖኪዮው ይረግፋል፣ ባለ ባጃጁም ይስቅብሻል። እግርሽ ከሥሩ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ሞተሩ ላይ ተቀመጪ። የምትነጂበትን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፤ ከፍ ባለ ተረከዝ ተለክቶ በሸራ ጫማ አይነዳም። ሁለቱም እግሮችሽ አንድ ላይ መሬት ይንኩ። ተረከዝሽ ባያርፍ እንኳ የእግርሽ የፊት ግማሽ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት። ከዚያ ማቆሚያውን አንሺና፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ላዩ ላይ እንደተቀመጥሽ በእግርሽ እየገፋሽ ወደ ኋላ ሂጂ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሪ፣ ወደ ቀኝ አዙሪ። ትከሻሽ እየተጎተተ ወይም ዳሌሽ እየተንሸራተተ ከሆነ ሞተሩ ለአንቺ ትልቅ ነው። ሻጩ «ትለምጂዋለሽ» ይልሻል። ሻጭ ሌላ ምን ይበል?

ቦክሰር ከ110 እስከ 125 ኪሎ ቢመዝን ነው። መቀመጫው ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 180 ወይም ባለ 200 ሲሲው አፓቼ (ሲሲ የሞተሩን መጠን ይለካል) ከፍታው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ክብደቱ ግን ከ140 እስከ 150 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ዲቲ ቀላል ነው። ነገር ግን ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራ ስለሆነ መቀመጫው ከሁለቱም ከፍ ይላል። በአንቺ ቁመት ዲቲ ላይ ሆነሽ ስትቆሚ በአንድ እግር ጫፍ ነው የምትቆሚው። ልምድ ያለው ሰው ዳሌውን ወደ አንድ ጎን ወርወር አድርጎ ይቋቋመዋል። ለመጀመሪያ ወር ግን አልመክርሽም።

ወደ አክስትሽ ልጅ ልምጣ። አፓቼ መጥፎ ሞተር አይደለም። ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ ጉልበት አለው፣ መልኩም ፏ ያለ ነው። ችግሩ ጉልበቱ የሚመጣበት ሁኔታ ነው። ለጀማሪ የቀኝ እጅ ገና አልተገራም። ጉድጓድ ላይ ሲነጥር እጅሽ ሳታስቢው ነዳጅ ይሰጣል። ትንሽ ሞተር ላይ ይህ ስህተት «ውይ» ብለሽ የምታልፊው ነው። ባለ 200 ሲሲ ላይ ከፊትሽ ካለው ሚኒባስ ኋላ ያደርስሻል።

«ቦክሰር የሰው ማመላለሻ ነው» ያለው ነገር ደግሞ እኔን ቦክሰር እንድትገዢ ነው ያስመኘኝ። ከንጋት እስከ ማታ ሰውና ጆንያ እየጫኑ እንጀራቸውን የሚያወጡበት ሰዎች ከመረጡት፣ የሚያውቁት ነገር አለ ማለት ነው። አንዱ ርካሽ መለዋወጫው ነው። ሌላው መካኒኩ ነው። ቦክሰርን የሚሠራው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ነው፤ ባለ ሦስት እግሮቻችን ስማቸውን የወሰዱት ከእሱ ነው። ሐዋሳን የመሰለ በባጃጅ የተሞላ ከተማ ውስጥ የዚህን ቤት ሞተር ፈቶ የሚገጥም ልጅ በየሰፈሩ ታገኛለሽ።

100 ሲሲ ይበቃል ወይስ 150 ብትይኝ፣ 150 እልሻለሁ። ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ቦክሰር እዚህ በ10 ነው የሚሠራው። አንቺ፣ ቦርሳሽ፣ የሥራ ወረቀትሽና አንድ አቀበት ሲደመሩ ባለ 100ው ይማረራል። ባለ 150ው ግን ሳይጨነቅ ይወጣዋል። አስፋልት ላይ ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣብሽም ጥግ ይዘሽ የምትሄጂበት በቂ ጉልበት ይኖርሻል። ከ150 በላይ ግን ለጊዜው አያስፈልግሽም።

የግድ ቦክሰር ይሁን እያልኩሽ አይደለም። ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስም በዚሁ ደረጃ ያለ ጠንካራ የሥራ ሞተር ነው። በሁለቱ መካከል የምትወስኚው እንዲህ ነው፦ ከመግዛትሽ በፊት ሰፈርሽ አጠገብ ያለ ጋራዥና መለዋወጫ ሱቅ ሂጂ። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና (ሰንሰለት) እና ካንዴላ ለሁለቱም ጠይቂ። ልጁ ዞር ብሎ ከመደርደሪያ ካወረደልሽ ጥሩ። «ነገ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካለሽ ያ ሞተር ለአንቺ አይሆንም። ሥራ የሚቆምብሽ አንቺ ነሽ።

የነዳጁን ነገር በአጭሩ፦ እንዲህ ያሉ ፎር ስትሮክ (ከቤንዚን ጋር ዘይት የማያቃጥሉ) ሞተሮች በአንድ ሊትር ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ለኩ ደርሶ መልስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል አንድ ሊትር ተኩል ቢበላብሽ ነው። አንዴ ከሞላሽው ሳምንቱን ያደርስሻል። የማደያ ሰልፉን ለምታውቂ ለአንቺ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ዲቲው። ከቁመቱ ሌላ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። የመጀመሪያው፣ ዲቲ ቱ ስትሮክ ነው። ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ያቃጥላል። ጉልበቱ ቀስ እያለ አይጨምርም፤ ዝም ብሎ ይቆይና ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሽከረከር ድንገት ይመጣል። ለለመደ ሰው አሪፍ ነው፤ ላልለመደ ያስደነግጣል። ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። በየገጠሩ የሚሠሩ ብዙ ያማሃዎች ለፕሮጀክት ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ አይዞሩም። ባልደረባሽን አልጠረጥረውም። ግን ሊብሬው በማን ስም ነው? በራሱ ስም ካልሆነ፣ «በውክልና ንጂው፣ ስሙ ቀስ ብሎ ይዞራል» ካለሽ፣ ዋጋው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተይው። ስሙ የሚዞረው ውልና ማስረጃ ፊት ተዋውላችሁ ነው። ውክልናውን የሰጠሽ ሰው ቢሞት፣ ቢጣላሽ ወይም ውክልናውን ቢያነሳ ብርሽ ሄደ።

ለማንኛውም፣ ዲቲም ሆነ ሌላ ያገለገለ ሞተር የምታዪ ከሆነ በጠዋት ሂጂ። ቀጠሮሽን አንድ ሰዓት ያዢና ትንሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ። መጀመሪያ እጅሽን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጊ። ሞቆ ከጠበቀሽ፣ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ስለሚችል «እስኪበርድ እጠብቃለሁ» በይና ቡናሽን ጠጪ። ፎር ስትሮክ ከሆነ ሲነሳ ከማርሜታው (ከጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል። የፊት ፍሬኑን ይዘሽ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዢው፤ ቋ ቋ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። የፊት ሾክ አብዞርበሩ ላይ ዘይት ካለ ጎሙ አልቋል። ካቴናውን ከታች በጣትሽ ወደ ላይ ግፊው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ደህና ነው።

ጎማውን ደግሞ ጥርሱን ብቻ አይተሽ አትመኚ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ የተጻፈባት ትንሽ ሞላላ ሳጥን አለች። 2319 ቢል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ፣ ግን ዓመታት ፀሐይ ላይ የደረቀ ጎማ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ እንደ ሳሙና ነው። በመጨረሻም ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አኃዝ በአኃዝ አመሳክሪ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለሽ ድርድር አያስፈልግም። መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፤ ደላላው ወይም ሻጩ የመረጠልሽን ግን አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚነግሩሽ ጓደኞችሽ ተሳስተዋል አልልም። መንግሥት በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሞተር ጋም ደርሷል። ለጀማሪ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ መሀል መንገድ ላይ አይጠፋብሽም። ሥራሽ ሐዋሳ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ «እሱን ግዢ» እልሽ ነበር። አንቺ ግን ከከተማ ትወጫለሽ፤ ከአስፋልትም ትወርጃለሽ። ሻጭ «በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲልሽ ቀላል ሰው፣ ሜዳ መንገድና ዝግታ አስቦ ነው። አቀበትና ጭነት ሲጨመርበት ይህ ቁጥር በጣም ይወርዳል። ልግዛ ካልሽ የቀን ጉዞሽ ሻጩ ከነገረሽ ርቀት ከግማሽ ብዙ አይለፍ። ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ የድሮው የእርሳስ ባትሪ? ተነቅሎ ቢሮ ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል? አዲስ ባትሪ ስንት ነው? እነዚህን ሳታጣሪ ብር አታውጪ። መብራት በጠፋ ማግሥት ተበዳሪ ጋ የምትደርሺው በምንድን ነው?

ልምምዱን በተመለከተ የአክስትሽን ልጅ አመስግኚው። ሁለት ቅዳሜ ግን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ከነቡድኑ ያወጣው ዘገባ አለ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ነው የጻፉት። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶዎቹ በራሳቸው፣ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ሌላው ያገኙት ነገር እኔን የበለጠ ይገርመኛል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያች አደጋ በደረሰባት ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ አምስት ወር አይሞላም። በጥቅሉ ሲታዩ ግን ዓመታት የነዱ ሰዎች ነበሩ። ሞተሩ አዲስ ሲሆንብሽ አንቺም እንደገና አዲስ ነሽ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ማሠልጠኛ ገብተሽ መንጃ ፈቃድሽን አውጪ። ፈቃዱ ሳይኖርሽ ወደ ለኩ መንገድ እንዳትወጪ። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም፣ ፖሊሱም፣ መሥሪያ ቤትሽም በአንድ ድምፅ «ለምን ነዳሽ?» ነው የሚሉሽ። ሁለተኛ፣ በምትገዢው ሞተር ላይ ተለማመጂ። የማርሽ አቀያየር ከሞተር ሞተር ይለያያል። በአንዱ አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ሆኖ የቀሩት ወደ ላይ ናቸው፤ በሌላው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በአፓቼ ተለማምደሽ ቦክሰር ላይ ብትወጪ ሦስተኛ የመሰለሽ ማርሽ ሌላ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ።

ሳይክል መንዳትሽ ሚዛኑን ይዞልሻል። የፍሬን ልማዱን ግን እንዳታመጪው። ሳይክል ላይ ያደግን ሰዎች «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እየተባልን ስላደግን የኋላውን ብቻ እንይዛለን። ሞተር ላይ ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልለዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያ ኃይልሽ ወደ 70 በመቶው ከፊት ፍሬን ነው የሚመጣው። የኋላውን ብቻ የምትረግጪ ከሆነ ጎማው ቀጥ ይልና እየተንሸራተትሽ ትሄጃለሽ። የፊቱን በሁለት ጣት፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ እያጠበቅሽ ያዢ። ድንገት ጨብጦ መያዝ ነው የሚገለብጠው። ባዶ ሜዳ ፈልገሽ፣ በ20 ከዚያም በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እጅሽ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ይህን ብቻ ደጋግሚው። ጠጠር፣ ጭቃና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን በሁለቱም ፍሬን በቀስታ። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። አንድ በረንዳ ሥር ቆመሽ አሳልፊው።

የፊት መብራትሽን በቀንም አብሪው። ያ የኸርት ዘገባ ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው የሞተሩን መንገድ የዘጋው ባለ መኪናው ነበር ይላል፤ ብዙውን ጊዜም ሰበቡ «አላየሁትም» ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዲህ ከሆነ ስፖኪዮውን ለጌጥ በሰቀለው ባለ ባጃጅ መሀል ምን እንደሚሆን አንቺው ገምቺ።

ብሩን ስትደለድዪ ሙሉውን ለሞተሩ እንዳታውዪው። አምስተኛውን ያህል ለብቻው አስቀምጪ። ከእሱ ላይ ስም ማዛወሪያ፣ ቦሎ፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናና ኢንሹራንስ ይወጣል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ግን ስሙ እንደሚለው የሚክሰው ሌላውን ሰው ነው። የአንቺን ሞተር አይሠራልሽም፤ ቢሰረቅም አይተካልሽም። ለሌባና ለራስሽ ጉዳት ተጨማሪ መድን ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቂና ወስኚ። እኔ ብሆን ቢያንስ ለስርቆቱ እገባ ነበር።

የቀረው ለሄልሜት ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቢ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ቡድን ያወጣው ዘገባ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ያ ግን በትክክል የታሰረ ሄልሜት ነው፤ ክንድ ላይ የተንጠለጠለው አይደለም። አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን ግዢ። ያገለገለ አትግዢ፤ አንዴ ከወደቀ ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ስትለኪው ጉንጭሽን ጨመቅ ማድረግ አለበት። ራስሽን ግራ ቀኝ ስታወዛውዢ አብሮሽ ይዙር እንጂ ለብቻው እንዳይዞር። ሌላ ሰው ከኋላ ወደ ላይ ሲገፋውም መውለቅ የለበትም። አንድ ነገር ደግሞ ሻጮቹ አይነግሩሽም፦ ሹሩባ ተሠርተሽ ከለካሽው፣ ፀጉርሽን ስትፈቺው ይላላል። ፀጉርሽን ብዙውን ጊዜ በምትይዢው ሁኔታ ይዘሽ ሂጂ። ነጠላና ረጅም ስካርፍ ሞተር ላይ አይለበስም። ካቴና ውስጥ ከገባ አንገትን ይዞ ነው የሚጎትተው። ለቅሶ ቤት መሄድ ካለብሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊና እዚያ ስትደርሺ ልበሺው።

አዲስ ከገዛሽ የመጀመሪያው ሰርቪስ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱን አታሳልፊ። ዘይት ስትቀይሪ የሞተር ሳይክል ዘይት መሆኑን ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ከሚለው ምልክት እዪ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

እናትሽን በተመለከተ ተደብቀሽ አትግዢ። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማታ ሳትገቢ ወሬው ቤት ይቀድምሻል። እናትሽን የሚያስፈራቸው ሞተሩ ሳይሆን በየቀኑ የሚሰሙት የአደጋ ዜና ነው፤ ደግሞም ውሸት አይደለም። «ምንም አልሆንም» አትበያቸው። ማንም እናት በዚህ አትረታም። ይልቅ የሚሰሙሽ ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት ካሉ ያነጋግሩልሽ። ሥልጠናውን ጀምረሽ አንድ ቀን ሜዳው ድረስ ውሰጃቸውና ቆመው ይዩሽ። ሄልሜቱን ስትገዢም አብረውሽ ይሂዱ። ቃል የምትገቢውም የምትጠብቂውን ብቻ ይሁን። እኔ የምመክርሽ ይህን ነው፦ ከመሸ ከከተማ ላለመውጣት። ለኩ ላይ ከመሸብሽ ሞተሩን ደህና ግቢ አሳድረሽ በሚኒባስ ተመለሺ፤ ካልተገኘም ከደንበኞችሽ አንዷ ጋ እደሪና ደውዪላቸው።

የአክስትሽ ልጅ ቦክሰሩን ሲያይ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ብሩ ያንቺ ነው። ዓመት ከነዳሽ በኋላ አፓቼ ካማረሽ ቦክሰሩን ሸጠሽ ትቀይሪያለሽ። በደንብ የተያዘ ቦክሰር ገዢ አያጣም።

እህትሽን ግን አሁን አታሳፍሪያት። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የሞተሩ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ ለመቆም የሚያስፈልግሽ ርቀት ይረዝማል። ስትቆሚ የምትደግፊውም የሁለት ሰው ክብደት ነው። ለብቻሽ ቢያንስ ሦስት ወር ንጂ፤ ከተቻለ አንድ የዝናብ ጊዜ ጭምር። ከዚያ በኋላ የራሷን ሄልሜት ግዢላት። በጎን ሳይሆን እግሯን ከፍታ ትቀመጥ፤ እግሯን ከመርገጫው አታንሳ። ሞተሩ ሲቆም እግሯን መሬት እንዳታወርድ አስቀድመሽ ንገሪያት። እስከዚያው ኮሌጅ በባጃጅ ትሂድ።